በፍረጃ የተቆለፈ ዕርቅ

ሁለት ተቀናቃኝ ጎረቤት መንግሥታት ለዕርቅ ሲቀመጡ ከድንበርና ከወደብ ክርክር ይበልጥ የሚያስቸግራቸው አንዱ ሌላውን የሽብርተኛ ደጋፊ ብሎ መክሰሱ ነው። የድንበር ክርክር ካርታ ተዘርግቶ፣ ዳኛ ተሰይሞ ሊቋጭ ይችላል። በሽብርተኝነት ከተከሰሰ ወገን ጋር ግን መቀመጡ ራሱ ነውር ይሆናል፤ ሲያስታርቁ የነበሩ ኃያላን መንግሥታትም ከገላጋይነት ወጥተው ወገን ይይዛሉ። በዚህ ላይ ጥቂት ታጣቂዎች የዓመታትን ንግግር የማፍረስ አቅም ያገኛሉ። ሕንድና ፓኪስታን በ1996 ዓ.ም. የጀመሩት ሰፊ ድርድር በኅዳር 2001 ዓ.ም. በሙምባይ ከተማ ላይ በደረሰው ጥቃት የተቋረጠው እንዲህ ነው። የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም ከዚህ አይርቅም፤ ዳፋው ዋግ ኽምራ ውስጥ እስከ አበርገሌ ቆላ ደርሷል።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ ወደ መሐል ከተማ ሲጓዙ ተተኮሰባቸው። ሙከራውን ያደረገው የግብፁ አልገማዓ አልኢስላሚያ ነበር። ኢትዮጵያ ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ተሸሽገዋል ብላ እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ካርቱም አልሰጠችም። የጸጥታው ምክር ቤትም በጥር 1988 ተጠርጣሪዎቹ ተላልፈው እንዲሰጡ አዘዘ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሱዳን ላይ ማዕቀብ ጣለ። እስከዚያ ወዳጅ የነበሩት ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን አማፂ ወደ መርዳት ገቡ። የታረቁት ግን ክሱ እልባት ስላገኘ አልነበረም። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ አዲስ አበባም ካርቱምም ሌላ ጠላት ስላገኙ ነው። የሱዳን ማዕቀብ የተነሣውም መስከረም 18 ቀን 1994፣ አሜሪካ በአልቃይዳ ላይ አጋር በምትሰበስብበት ሰሞን ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው በአልጀርሱ ስምምነት ላይ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁበት ጦርነት ካበቃ በኋላ መለስ ዜናዊና ኢሳያስ አፈወርቂ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ፈረሙ። የተባበሩት መንግሥታት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ አልጄሪያ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በምስክርነት ቆሙ። የድንበር ኮሚሽን ተሰየመ፤ ፍርዱም ይግባኝ የሌለው እንዲሆን ሁለቱም ተስማሙ። ኢትዮጵያውያን የ1994ን ዕንቁጣጣሽ በሚያከብሩበት መስከረም 1 ቀን ኒውዮርክና ዋሽንግተን በአልቃይዳ ጥቃት ተመቱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 5 ቀን ኮሚሽኑ ሄግ ላይ ፍርዱን አሰማ፤ በፍርዱ መሠረት ባድመ የኤርትራ ድርሻ ሆነች። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ሰባት ወር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ዕጣ ወሰነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአገሬው ሽምግልና ዋስ የቆመ ሰው ከአንዱ ወገን ጥቅም ካለው ዋስትናው ይወድቃል። አልጀርስ ላይ የቆሙት ኃያላን የገጠማቸው ይኸው ነው። ዋሽንግተን መንግሥት አልባ በሆነችው ሶማሊያ ጎን ጠንካራ ሠራዊት ያለው አጋር ትፈልግ ነበር፤ ያ አጋር ኢትዮጵያ ሆነች። አዲስ አበባ ፍርዱ ከመተግበሩ በፊት ንግግር ይቅደም ብላ ስትጸና የጨከነ ግፊት ያደረገባት አልነበረም። አስመራም በበኩሏ ኃያላኑ ፊታቸውን እንዲያዞሩባት ምክንያት ሰጥታለች፤ ኒውዮርክ በተመታ በሳምንቱ መንግሥቱን የተቹ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን አሰረች፣ ነፃ ጋዜጦችን ዘጋች፣ ኋላም በድንበሩ የሰፈረውን የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር እንቅስቃሴ ገደበች። ኮሚሽኑ መሬት ላይ አንድ ምሰሶ ሳያስተክል በ2000 ዓ.ም. ሥራውን አበቃ።

ጠቡ ከዚያ ወደ ሶማሊያ ተሻገረ። በ1998 ክረምት የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ሲይዝ ኢትዮጵያ የሽብር ሥጋት አየችበት፤ ኤርትራ ደግሞ ባላንጣዋን የሚገዳደር ኃይል አየችበት። የኢትዮጵያ ጦር በታኅሣሥ 1999 ሞቃዲሾ ገባ፤ የሸሹት መሪዎች አስመራ ላይ አዲስ የተቃውሞ ጥምረት አቋቋሙ። በዚህ መሐል ያተረፈው አልሸባብ ነው፤ የውጭ ጦር ገባ የሚለው ቁጣ ምልምል አስገኘለት። የጸጥታው ምክር ቤት ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 በውሳኔ ቁጥር 1907 ኤርትራ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ኤርትራ የሶማሊያን ታጣቂዎች ረድታለች የሚለው ክስ በዚያን ጊዜ መሠረት ነበረው። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ግን በኋላ ባቀረቧቸው ተከታታይ ሪፖርቶች ለአልሸባብ ድጋፍ መስጠቷን የሚያሳይ ማስረጃ አለማግኘታቸውን ቢገልጹም ማዕቀቡ አልተነሣም። የተነሣው ኅዳር 5 ቀን 2011፣ ሁለቱ መንግሥታት ከታረቁ በኋላ ነው። እነዚያን ዓመታት የባድመ ፍርድ ተረስቶ ከረመ፤ የድንበሩ ሕዝብም ያለ ጦርነት ያለ ሰላም ኖረ።

የ2010ሩ ዕርቅ ከቀደመው የተለየ ቅደም ተከተል ነበረው። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2003 ግንቦት ሰባትን፣ ኦነግንና ኦብነግን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ መዝገብ አሸባሪ ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ሦስቱም ከአስመራ ድጋፍ ያገኙ ስለነበር ስያሜው በተዘዋዋሪ የኤርትራ መንግሥት ክስ ነበር። ፓርላማው ሰኔ 28 ቀን 2010 ስያሜውን አነሣ፤ በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 2፣ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫው አስመራ ላይ ተፈረመ። ኢትዮጵያ የአልጀርሱን ስምምነት እንደምትቀበል ቀድማ ማስታወቋ ትልቁ ምክንያት ቢሆንም የስያሜው መነሣት መንገዱን ጠርጓል።

ሽብር ጎረቤታሞችን የሚያቀራርብበት ጊዜም አለ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈራረመችው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ክፉኛ አጣላት። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ ቱርክ አንካራ ላይ አቀራረበቻቸው። የኢትዮጵያ ጦር ከሶማሊያ ቢወጣ ክፍተቱን አልሸባብ እንደሚሞላው ሁለቱም ያውቁ ነበር። እዚህ ላይ የጋራው ጠላት የረዳው አንዱ ሌላውን የአልሸባብ አጋር ብሎ ባለመፈረጁ ነው።

ዕርቅን በፍረጃ የመቆለፉ አሠራር ግን በአገር ውስጥም፣ በሁለት አጎራባች ክልሎች ወሰን ላይ ታይቷል። ዋግ ኽምራ ውስጥ አበርገሌ ወረዳ አለ፤ ከወሰኑ ማዶ በትግራይ ጣንቋ አበርገሌ። አማርኛ፣ ኽምጣኛና ትግርኛ ተቀላቅለው የሚሰሙበት፣ የአበርገሌ ፍየል ተብሎ የሚታወቀው ዝርያ በሁለቱም በኩል የሚረባበት ቆላ ነው። ፓርላማው ሕወሓትን ሚያዝያ 28 ቀን 2013 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 መሠረት አሸባሪ ብሎ ሰየመ፤ በዚያው ክረምት በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ዋግ ገባ። ሌላው የዋግ አካባቢ ነፃ ከወጣም በኋላ አበርገሌና ፃግብጂ ለወራት በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ቆዩ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰቆጣና አካባቢዋ ላይ ተፈናቅሎ ከረመ። እህልና መድኃኒት ለማሳለፍ፣ የታገተ ለማስለቀቅ ከማዶ ካለው ታጣቂ ጋር መነጋገር የግድ በሆነበት ሰዓት ያ ታጣቂ በሕግ የማይነጋገሩት ሆኖ ነበር። ሕዝቡ ግፍ እንደተፈጸመበት ለማወቅ የፓርላማ ስያሜ አላስፈለገውም፤ የሚያስፈልገው የሚነጋገርለት ሰው ነበር።

ድርድሩ የመጣው ስያሜው ሳይነሣ ነው። በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ስያሜው እንዲነሣ ማመቻቸት ከመንግሥት ግዴታዎች አንዱ ሆኖ ተጻፈ። ፓርላማው ያነሣው መጋቢት 13 ቀን 2015 ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉን ያካተተ ጊዜያዊ አስተዳደር መቐለ ላይ ሳይቋቋም አራት ወር ተኩል አለፈ። በጦርነቱ የተሳተፈችው ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም። ስምምነቱ የወሰን ይገባኛል ጥያቄዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈቱ ይላል፤ የወሰኑ አርብቶ አደርና ገበሬ እስከዚያው እንዴት አብሮ ይገበያይ፣ የተዘረፈ ከብት በማን ዳኝነት ይመለስ፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ማን ያስታርቅ የሚለው ለየአካባቢው ቀርቷል። ይህን ሥራ ሊሠሩ የሚችሉት የሁለቱ አበርገሌ ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው፤ ማዶ ተሻግረው ሲነጋገሩ ከጠላት ጋር አበሩ ተብለው እንዳይጠየቁም የሁለቱ ክልሎች መንግሥታት በግልጽ ዋስ ሊሆኗቸው ይገባል።