ሳይደመር ሳይቀነስ ዱባይ?

ሰሞኑን በላውንጅ ወሬው ሁሉ ዱባይ ሆኗል። «ሞተር መንዳት ከቻልክ ምግብ ማድረስ ነው፤ ዲግሪ ምን ያደርግልሃል?» ይባላል። ሁለት የክፍሌ ልጆችም ትምህርት ሊያቋርጡ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም ታላቅ ወንድሜ ሄዶበታል።

ወንድሜ ስድስት ዓመት ባጃጅ ነድቷል። ደላላው «መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል? በሳምንት ውስጥ ሥራ ትጀምራለህ» አለው። አባቴ በሬ ሸጠ፤ የጎደለውን ተበደርን፤ በቪዚት ቪዛ ገባ። እዚያ ሲደርስ ሦስት ነገር ገጠመው። አንደኛ፣ በቪዚት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ የእኛ አገር መንጃ ፈቃድ እዚያ በቀጥታ አይለወጥም፤ የሞተሩንም ለብቻው ተምሮ መፈተን ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ስሙን የምናውቀው ትልቁ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ቀጣሪው አይደለም፤ ቪዛውን የሚይዘው ሞተረኛ የሚያቀርብለት ሌላ ኩባንያ ነው። አራት ወር ያለ ሥራ፣ ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል ተቀመጠ። «ደህና ነኝ» ሲላት እናቴ ታምነዋለች። እኔ አላመንኩትም።

አሁን ሥራ ይዟል፤ ብርም ይልካል። ይኸ አይካድም። የእኔ ጥያቄ ሂሳቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የዴሊቨሩ ሞተረኞች፣ ሥራ ማቆም በተከለከለባት ዱባይ፣ ሥራ አቁመው ነበር። ምክንያቱ የአንድ ትእዛዝ ክፍያ ከ10.25 ወደ 8.75 ድርሃም ሊወርድ መሆኑ ነው፤ ኩባንያውም ሐሳቡን ለመተው ተገደደ። 1.50 ምን አላት እንዳትሉ! በቀን 20 ትእዛዝ ለሚያደርስ ሰው 30 ድርሃም፣ በ26 የሥራ ቀን 780 ድርሃም ማለት ነው። ኮስት አካውንቲንግ የተማርነው ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?

የኤምሬትስ የ2021 የሠራተኛ ሕግ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው መቀበል ይከለክላል። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የሥራ ፈቃድን አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። ታዲያ የአባቴ በሬ ለምን ተሸጠ? በደላላ መንገድ ስለሄደ ሕጉ አላገኘውማ!

አትሂዱ ማለቴ አይደለም። እኔም ስመረቅ ሥራ ለማግኘቴ ዋስትና የለኝም። ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ቪዛውን የሚይዘው ማነው? የመንጃ ፈቃዱን፣ የሞተሩን፣ የቤንዚኑንና የቅጣቱን ወጪ ማን ይችላል? ክፍያው በወር ነው በትእዛዝ? ዲፓርትመንታችንም በሴሚስተር አንድ ከሰዓት መድቦ ይህን ሂሳብ ከተማሪው ጋር ቢሠራ ምን ይጎዳዋል? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባል የለ!

ባለፈው ወንድሜን «እኔስ ልምጣ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «መጀመሪያ ዲግሪህን ጨርስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ።