የኮሶ ዛፍ የዘር ሐረግ ምን ይነግረናል?



በደጋው አገር ያደገ ሰው ሁሉ ኮሶን ያውቃል። ያኮረፈ ሰው ሲያጋጥመን «ኮሶ የጠጣ ይመስል ፊቱን አጨማደደ» እንላለን። ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ረጅም የሆድ ትል እንኳ ስም ያወጣንለት በመድኃኒቱ ነው፤ «የኮሶ ትል» እንለዋለን። የደረቀው አበባ ተወቅጦና በውሃ ተበጥብጦ ሲቀርብለት ለማምለጥ ያልሞከረ ልጅ ከቶ ይኖራልን? ይሁን እንጂ ስለ መጠጡ ይህን ያህል የምናወራ ሰዎች ስለ ዛፉ ስንጠየቅ ብዙ የምንለው የለንም። ኮሶ ከየት መጣ? እንዴትስ ይራባል? በመካነ ብርሃን ደጋ የቆመው ኮሶ በባሌ ከቆመው ኮሶ ጋር ፍጹም አንድ ነውን? ተመራማሪዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች ያገኙት መልስ ለየቤታችን የሚተርፍ ቁም ነገር ስላለው በዛሬው ዓምዳችን እንመለከተዋለን።

ወንዴና ሴቴ

ኮሶ እስከ 20 ሜትር ሊደርስ የሚችል የደጋ ዛፍ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ ነው። ከጥዱና ከወይራው ከፍ፣ ከአስታው ዝቅ ብሎ ያለው ብርዳም አገር ዋና መኖሪያው ነው። በሰሜን ተራሮች ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ ኮሶው እየሳሳ ሄዶ በአስታ፣ ከዚያም በጅባራ ሲተካ ይመለከታል።

ኮሶ በዝምድናው ከጽጌረዳ ቤተሰብ ይመደባል። በገዛ ወገኑ ውስጥ ግን ወንድምም እኅትም የለውም። በዓለም ላይ ያለው የኮሶ ዓይነት አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ አካባቢ ባሉ የአፍሪካ ተራሮች ላይ ይገኛል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ተክል ያለው በደቡባዊው አፍሪካ ነው።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ይኸውም ወንዴውና ሴቴዋ ኮሶ የተለያዩ ዛፎች መሆናቸው ነው። የሴቴዋ የአበባ ዘለላ ወፈር ብሎ ቀላ ያለ ሲሆን የወንዴው ግን ቀጠን ያለና ፈዘዝ ያለ ነው። የወንዴውን የአበባ ብናኝ ወደ ሴቴዋ የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው። አንባቢያን ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከጎንደር ገበያ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤት

ኮሶ በጎንደር ታሪክ ውስጥ ሰፊ ስፍራ አለው። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ይነገራል፤ ጠላቶቻቸውም ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ዛፉን ተመልክቶ፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ ከነሥዕሉ አስተዋውቆታል። ብሩስ ዛፉን በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ ሆኖም ያ ስም ቀደም ብሎ ለሌላ ተክል የተሰጠ ስለነበር አልጸናም። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» የተባለው ስም ሀገን ከተባለ የጀርመን ሊቅ የተወሰደ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመንም ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በኢስታንቡል ሳለ የመድኃኒቱን ፍቱንነት ተገንዝቦ ለአገሩ ሰዎች አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የደጋችን አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ከባሉጥ የተወሰደ ትምህርት

አሁን ለጥቂት ጊዜ ከደጋችን ወጥተን ወደ አውሮፓ እንሻገር። ምክንያቱም የኮሶን የዘር ሐረግ ለማንበብ ያስቻለው ዘዴ ቀደም ብሎ በሰፊው የተሠራበት በሌላ ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ ባሉጥ ነው፤ ዐረቦች በሉጥ ይሉታል። በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም፤ በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች ግን ይገኛል። እንደ ኮሶ ብቸኛ ሳይሆን ከ400 በላይ ዓይነቶች አሉት።

በዛፍ ቅጠል ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች አሉ። የፀሐይን ብርሃን ተጠቅመው ለዛፉ ምግብ የሚያዘጋጁት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ቅንጣቶች የራሳቸው የሆነ የዘር ጽሑፍ ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው። በባሉጥ ይህ ጽሑፍ ከእናት ብቻ ይወረሳል፤ ነፋስ ተሸክሞት የሚበረው የአባት ብናኝ አያስተላልፈውም። በመሆኑም ጽሑፉ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው ፍሬው ሲሄድ ብቻ ነው። ይህን የእናት ጽሑፍ የተከታተለ ሰው ዛፉ በሺህ ዓመታት ውስጥ የተጓዘበትን ዱካ ተከታተለ ማለት ነው።

የአውሮፓ ተመራማሪዎች ከ2,600 በላይ ከሆኑ ሥፍራዎች የባሉጥ ናሙና ወስደው ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ከዚህም እንደተረዱት አውሮፓ በበረዶ በተሸፈነችበት ዘመን ባሉጥ በስፔን፣ በጣሊያንና በባልካን ምድር ተጠልሎ ቆየ። በረዶው ሲሸሽ ፍሬውን አርቀው የሚቀብሩ ወፎች እየረዱት ተመልሶ ወደ ሰሜን ተስፋፋ።

የኮሶ ዱካ

በአገራችን ኮሶ ላይ ይህን መንገድ የተከተሉት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ታዬ በቀለ ናቸው። በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት የዶክትሬት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ከሚገኙ 22 የኮሶ ሥፍራዎች ቅጠል ሰብስበው መረመሩ። በ2009 ከታተመው ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር መሐመድ ዑመር ነበሩ። እርሳቸው በሐይቅ ደለል ውስጥ የተቀበረውን ጥንታዊ የአበባ ብናኝ እየመረመሩ የቀድሞውን ዕፅዋትና የአየር ጠባይ በማጥናት የታወቁ ምሁር ነበሩ።

ታዲያ ምን ተገኘ? በኢትዮጵያ ኮሶዎች ውስጥ ስድስት ዓይነት የክሎሮፕላስት ጽሑፍ ተገኘ፤ እነዚህም በሁለት ታላላቅ ሐረጎች ይጠቃለላሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አቀማመጣቸው ነው። በአንድ ሥፍራ ያሉት ኮሶዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲይዙ፣ በሌላ አካባቢ ያሉት ደግሞ የተለየ ይዘዋል። ከጠቅላላው ልዩነት 90 ከመቶ ያህሉ በሥፍራና በሥፍራ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ይህም የኮሶ ዘር ከተራራ ወደ ተራራ የሚሻገረው እጅግ አልፎ አልፎ መሆኑን ያስረዳል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፍሬ ይገኛል። የሆነ ሆኖ በሁለት ተራሮች መካከል ያለው ሞቃት ቆላ ለኮሶ እንደ ባሕር ነው።

ከደለል የተገኘው የአበባ ብናኝ እንደሚያሳየው፣ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ወዲህ ኮሶ አስቀድሞ የታየው ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት በደቡቡ ተራሮች ላይ ነው። ወደ መካከለኛውና ወደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በየተራራው የምናየው ኮሶ የብዙ ሺህ ዓመት መንገደኛ ነው።

ልጅ የሌላቸው ሽማግሌዎች

እስቲ አሁን በመካነ ብርሃን ዙሪያ የሚኖር አንድ አባወራ እናስብ። በማሳው ዳር ሦስት ኮሶዎች አሉት እንበል፤ ሁለቱ ሴቴ፣ አንዱ ወንዴ። የኮሶ ጣውላ ለቤት ዕቃ ይፈለጋልና «አበባው ለመድኃኒት አይሆን» ብሎ ወንዴውን ቆርጦ ይሸጠዋል። የሁለቱን ሴቴዎች አበባ ደግሞ በየዓመቱ ዘሩ ከመብሰሉ በፊት ለቅሞ ገበያ ያወርዳል። ጥቂት ዘር አምልጦ ቢበቅል እንኳ ከብት ይረግጠዋል። ዛፎቹ ግን ቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚው «እዚህ አገር ኮሶ አለ» ይላል። እንደ እውነቱ ከሆነ እነዚህ ልጅ የሌላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱ የወደቁ ዕለት የሚተካቸው የለም። ነፋስም ከሌላ ተራራ ዘር አያመጣላቸውም፤ ይህንን ከላይ አይተናል።

«ታዲያ ከሌላ አገር ችግኝ አምጥቶ መትከል አይቻልምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይቻላል፤ ከባዶ መሬትም ይሻላል። ነገር ግን ሩቅ ካለ ተራራ የመጣው ችግኝ የሌላ ሐረግ ልጅ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ የክሎሮፕላስቱ ጽሑፍ የጉዞ ታሪክን ይነግረናል እንጂ የትኛው ዛፍ ብርድን፣ የትኛው ድርቅን እንደሚችል አይነግረንም። ሆኖም ለብዙ ትውልድ በአንድ ተራራ ውርጭና ዝናብ ውስጥ ያለፈ ዘር ለዚያ ተራራ የተሻለ ተስማሚ ሊሆን ስለሚችል፣ የራሱ ዘር እያለ መጥፋቱ ትልቅ ኪሳራ ነው። የጠፋ የዘር ሐረግ በገንዘብ አይገዛም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አበባ ስንለቅም ሁሉንም አንውሰድ። ከእያንዳንዷ ሴቴ ዛፍ በተለይ የላይኞቹን ዘለላዎች ዘራቸው እስኪበስል እንተውላት።

ሁለተኛ፣ ወንዴውን ኮሶ «ጥቅም የለውም» ብለን አንቁረጥ። ያለ እርሱ የሴቴዋ አበባ ዘር አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ችግኝ ለማፍላት ስናስብ ዘሩን ከራሳችን ተራራ፣ ያውም ከአንዲት እናት ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ በርካታ ዛፎች እንሰብስብ። ከአንዲት እናት ብቻ የተገኙ ችግኞች እኅትና ወንድም ናቸውና በኋላ እርስ በርሳቸው ሲራቡ ዘራቸው ይደክማል።

አራተኛ፣ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቅ አይቀበርም። በላመ አፈር ላይ በትኖ በስሱ መሸፈን፣ ውሃውንም በዝግታ ማጠጣት ይገባል። ችግኙ ብርሃን ይወዳል፤ ከተተከለ በኋላ ከከብት ጥርስና ኮቴ መታጠር አለበት።

ስለ መድኃኒትነቱም አንድ ቃል እናክል። ኮሶ ትልን መግደሉ እውነት ቢሆንም መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም። ዛሬ በጤና ጣቢያ ተለክቶ የሚሰጥ ክኒን አለና የኮሶ ትል የታየበት ሰው ወደዚያ ይሂድ። ይህ ለሰውዬው ጤና ነው፤ ለሴቴዋ ዛፍም ዕረፍት ነው።

ወጣቶች ሆይ! በሚቀጥለው የአበባ ወቅት ወደ መንደራችሁ ኮሶዎች ሂዱና ስንቱ ወንዴ፣ ስንቱ ሴቴ እንደሆነ ቁጠሩ። ከሥራቸው የበቀለ ቡቃያ መኖር አለመኖሩንም ተመልከቱ። ያያችሁትን ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሩ። ለአካባቢያችሁ የግብርና ባለሙያም አስታውቁ። የአንድ ተራራ ኮሶ ዕድሜ የሚረዝመው ወይም የሚያጥረው እንዲህ ባለው ትንሽ ጥንቃቄ ነው።

በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻአላህ፣ ስለ ወይራ ይዘንላችሁ እንቀርባለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።