የሚሳቅበት ማን ነው?



የክረምት ኦሊምፒክ ወሬ በተነሣ ቁጥር ከመመገቢያ አዳራሻችን አንድ ሳቅ ይሰማል። «የሐሩር አገር ሰው ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው?» ይባላል። ሳቂዎቹ የሚጠቅሱት ጃማይካን ነው፤ ጃማይካንም የሚያውቋት ከሲኒማ ነው። እኛ በዚህ ሳቅ አንተባበርም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. በካልጋሪ አራት ጃማይካውያን በቦብስሌድ፣ ማለት በበረዶ ቦይ ቁልቁል በሚምዘገዘገው ጋሪ፣ ተወዳደሩ። ነጂው ዳድሊ ስቶክስ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር፤ ዴቨን ሃሪስም የጦር መኰንን። ሥልጠና ከጀመሩ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ጋሪው ተገለበጠ፤ እነርሱም ወጥተው ከጎኑ እየተራመዱ ወደ መጨረሻው ሄዱ። በ1993 የወጣው ፊልም ግን ጋሪውን በትከሻቸው አሸክሞ አሳየን! ዓለምም ስቆ፣ አልቅሶ፣ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማን ነገረን? በ1994 በኖርዌይ፣ በሊልሃመር፣ አራቱ ጃማይካውያን 14ኛ ወጡ፤ ከአሜሪካኖቹም ቀደሙ። ድሀ ሲወድቅ ትርኢት ነው፤ ሲቀድም ግን ወሬውን የሚያነሣው የለም።

«በረዶ የሌለው አገር» የሚሉን ሰዎች አንድ ነገር ይመልሱልን። ቦብስሌድ የሚጀመረው በሩጫ ነው፤ ጋሪውን እየገፉ ሮጠው ይዘሉበታል። ጃማይካ ሯጭ አጥታ ታውቃለችን? ያጣችው ጋሪውን ነው፤ ጋሪ ደግሞ ከሰማይ አይዘንብም፣ በገንዘብ ይገዛል። በ2018 በፒዮንግቻንግ የሴቶቹ ቡድን ውድድር ጥቂት ቀን ሲቀረው አሠልጣኛቸው ትታቸው ሄደች፤ የጋሪውም ጉዳይ ጭቅጭቅ ሆነ። የደረሰላቸው አንድ የቢራ ፋብሪካ ነው። የአንድ ሕዝብ ባንዲራ በቢራ ሻጭ ቸርነት ላይ ሲንጠለጠል ያሳፍራል ወይስ ያስቃል? በ2020 ወረርሽኙ ስፖርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ እንግሊዝ አገር የነበሩት ወንዶች ትንሽ አውቶሞቢል በመንገድ ላይ እየገፉ ተለማመዱ። ያን ጊዜም ተሳቀባቸው። በ2022 ግን የአራቱ ሰዎች ቡድን ከ24 ዓመት በኋላ ቤይጂንግ ገባ።

ወደ ቤታችንም እንመለስ። (ራስ ዳሸን ላይ በረዶ እንደሚጥል የዘነጋ ካለ እናስታውሰው።) አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር ባንዲራችንን ብቻውን ይዞ ገባ። እኛ ራሳችን፣ ይህን የምንጽፈው፣ ስሙን በሰማን ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቅነው «ስንተኛ ወጣ?» ብለን ነው። «ማን ረዳው?» ለማለት ዘግይተናል።