ያልወደቀው ሰማይና የደቻቱ ጎርፍ

ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ድሬዳዋ እንደ ወትሮዋ ነው የነጋላት። ከዚራ ጥላዋን ዘርግታለች፤ መጋላ ጩኸቷን ጀምራለች። ሻይ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከበን ለተቀመጥነው ሰዎች ግን ማለዳው አንድ ነገር የጎደለው ይመስል ነበር። ሰማዩ ይወድቃል ተብሎ አልወደቀም። አውሮፕላን ከአየር ላይ ይረግፋል፣ ባንኮች ሒሳባቸው ይጠፋቸዋል፣ ሚሳይል ራሱን በራሱ ይተኩሳል ሲባል ተከርሞ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጠባ፤ ምንም አልሆነም። ከመካከላችን አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «አቦ፣ ለካ ፈረንጅም እንደኛ ይዋሻል!» አለ። ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ያ ሳቅ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ሳቃችን የተወለደው ከዕውቀት ሳይሆን መገናኛ ብዙኃን ካቀበሉን ሁለት ተረቶች ነበር። የመጀመሪያው ተረት «ዓለም ልትጠፋ ነው» አለን። ሁለተኛው፣ በማግሥቱ፣ «ነገሩ ሁሉ ውሸት ነበር» አለን። በሁለቱ መካከል የቆመችው እውነት ግን ገበያ አልነበራትም፤ እውነቷም ሰማዩ ያልወደቀው ሰው ደግፎት ስለነበር ነው የምትል ናት።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኛ ኢትዮጵያውያን «የ66ቱ አብዮት»፣ «የ77ቱ ድርቅ» እንላለን። አሥራ ዘጠኙ መቶ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቀዋልና። የቀደሙት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። በዚያን ዘመን የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ እንደ ወርቅ የተወደደ ነበር፤ መረጃ የሚመዘገብበት ባለ ቀዳዳ ካርድም 80 ዓምድ ብቻ ነበረው። ስለዚህ 1965ን «65» ብለው ጻፉ። ይህ ቁጠባ እንጂ ስንፍና አልነበረም። ነገር ግን ሰው ሲያዳምጥ ያመዛዝናል፤ ማሽን የተጻፈለትን ብቻ ያነባል። 99 አልቆ 00 ሲመጣ ዘመኑ 2000 ይሁን 1900 የሚለይበት መንገድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960 የተወለደን ሰው ዕድሜ አስላ ቢሉት፣ ከ00 ላይ 60 ቀንሶ ሰውየውን ሊወለድ 60 ዓመት የቀረው ያደርገዋል። የባንክ ወለድ፣ የጡረታ ዘመን፣ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ሁሉ በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው።

ይህንን ለማረም ሠራዊት የሚያህል ባለሙያ ለዓመታት የፕሮግራም መስመር በመስመር አገላበጠ። በመላው ዓለም የወጣው ገንዘብ ከ300 እስከ 600 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ የአገሮችን ዝግጅት የሚያስተባብር ማዕከል ተቋቁሟል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ቢሆን «ምንም አልሆነም» ማለት ትክክል አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥነ ፈለክ ተቋም ድረ ገጽ ዘመኑን «19100» ብሎ ጻፈ። የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶችን መረጃ የሚያቀናብር የምድር ጣቢያ ለቀናት ተስተጓጎለ። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ደግሞ ከ150 በላይ ነፍሰ ጡር እናቶች የእናትየዋ ዕድሜ በስሕተት በመሰላቱ የተሳሳተ የምርመራ ውጤት ተሰጣቸው። ለእነዚያ እናቶች ነገሩ ተረት አልነበረም።

የተቃዋሚዎቼን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። «ብዙ ያልተዘጋጁ አገሮችስ ምን ሆኑ? እነሱም እኮ በሰላም አድረዋል» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። አንደኛ፣ አንድ ፕሮግራም በተሠራበት አገር ሲታረም እርማቱ ለገዢው ሁሉ ይደርሳል፤ ያልደከመውም ከደከመው ማዕድ ቆርሷል። ሁለተኛ፣ በዚያን ጊዜ ኑሮው በኮምፒዩተር ላይ ያልተንጠለጠለ አገር ገመዱ ቢበጠስም የሚወድቅበት ከፍታ አልነበረውም። በፍርሃት ንግድ የከበሩ አማካሪዎች፣ በከንቱ የባከነ ገንዘብ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ሐኪም ነን ባዮች በሽታን ተገን አድርገው ስለነገዱ ግን በሽታው አልነበረም አይባልም።

ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ ከሁለቱ ተረቶች ሌላ ሦስተኛ ጨምረናል፤ እሱም ከሁሉ የከፋው ነው። «እኛ ገና 1992 ላይ ነን፤ ይህ የፈረንጅ ጣጣ አይነካንም» አልን። የውጭ ጋዜጠኞችም ይህንን ሰምተው በራሳቸው ዘመን የምትመራ ጥንታዊት አገር ከመቅሠፍቱ አመለጠች የሚል ፈገግታ የሚያጭር ወሬ አደረጉት። ለመሆኑ በጠረጴዛችን ላይ የነበረው ኮምፒዩተር መቼ ነው መስከረም አንድን የሚያውቀው? ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የጎርጎርዮስን ቀን ይዞ ነው። አውሮፕላኑ፣ ስልኩ፣ ከውጭ ባንክ ጋር የሚደረገው ልውውጥ ሁሉ በዚያው ቀን ይሠራል። በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ማሽኑን አላስጠነቀቀውም፤ አልጠበቀውምም። ደግሞስ የእኛን ዘመን በሁለት አኃዝ የሚመዘግብ ፕሮግራም ቢኖር፣ ያው ችግር መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ላይ አድብቶ ይጠብቀው ነበር። የዘመን ልዩነት ዕዳውን አይሰርዝም፤ ቀጠሮውን ያራዝማል እንጂ።

በተለይ የድሬዳዋ ሰው ይህንን ማለት አልነበረበትም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ጀምሮ በሁለት ሰዓትና በሁለት ቀን የኖረች ናት። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ሰነድ የፈረንጅ ቀን ተጽፎበት ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ደግሞ የየራሳቸውን ቀን ይቆጥራሉ። አባቶቻችን በአንድ ራስ ሦስት ዘመን ይዘው ሳይምታታባቸው ይነግዱ ነበር። እነሱ በቃል የሚያውቁትን እኛ ለማሽን ማስረዳት አቃተን።

ማስረጃ ከሩቅ አላመጣም። የእኅቴ ልጅ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው ቀን። አድጎ ወረቀት ሊያወጣ ሲሄድ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የነበረው ኮምፒዩተር አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም አለ። ጸሐፊዋ ቸግሯት መስከረም 1 ቀን 1992 ብላ መዘገበችው፤ በአንድ ቀን ምክንያት ዓመቱ ተለወጠ። በሌላ ቦታ ጳጉሜን 5 ተባለ። ልጁ ሦስት ወረቀትና ሦስት ልደት ይዞ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ ብሎ ለማስረዳት ሁለት ወር ሙሉ ከመስኮት መስኮት ተንከራተተ። የኮምፒዩተር የቀን ስሕተት የፈረንጅ ጣጣ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ያንን ልጅ ያነጋግር።

አሁን ርዕሴ ላይ ወዳስቀመጥኩት ወንዝ ልምጣ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1973 ዓ.ም. ሰው ገድሎ ነበር፤ ግን ተረሳ። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ላይኛው የሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሕዝብ በተኛበት ሌሊት ከተማው ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። በማግሥቱ ካሜራው ሁሉ ድሬዳዋ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር አስብልኝ። ከዚያ ሌሊት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ግንቡ በወንዙ ዳርና ዳር ተሠርቶ፣ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዝናብ ጠባቂ ቆሞ፣ ማስጠንቀቂያ ተደውሎ፣ ሕዝቡ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ማለዳ ምን ይባል ነበር? «ለምን በሌሊት አስነሡን? ግንቡስ ያን ያህል ገንዘብ ለምን ፈሰሰበት? ምንም እኮ አልሆነም!» ይባል ነበር። እኛም ሻይ ቤት ተቀምጠን እንስቅ ነበር። የሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ግን አብረውን ይስቁ ነበር። በታኅሣሥ 1992 የተሳለቅነው እንዲህ ባለው ግንብ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ያስተማሩን አባቶች፣ በቅጠል የጠፋን እሳት «አልነበረም» በሉ አላሉንም።

የመገናኛ ብዙኃኑ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የደረሰ አደጋ ዜና ነው፤ ይደርሳል የተባለ አደጋም ዜና ነው፤ እንዳይደርስ የተደረገ አደጋ ግን ዜና አይሆንም። ስለዚህ ጋዜጠኛው አስቀድሞ ያስፈራራል፣ በኋላ ያላግጣል፤ በመካከል ያለውን አድካሚ ሥራ ሄዶ አያይም። ሕዝቡም ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ላለማመን።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ደግሞ መጥቷል። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት የቆዩ መሣሪያዎች ከ2,147,483,647 በላይ መሄድ አይችሉም። ያ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፤ ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ ባሉበት የጥምቀት ማለዳ። ያልታረመ ማሽን በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ታኅሣሥ 1894 ላይ ይወድቃል፤ ድሬዳዋ ራሷ ገና ያልተቆረቆረችበት ዘመን። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ቆጣሪውን 64 ቢት ማድረግ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች አብዛኞቹ ተደርጎላቸዋል። አሳሳቢዎቹ ማንም የማያስታውሳቸው ናቸው፤ በፋብሪካ ውስጥ፣ በሕክምና መሣሪያ ውስጥ፣ ያገለገለ ሆኖ ተገዝቶ ዓመታት በሚሠራ ዕቃ ሆድ ውስጥ የተቀበሩት።

ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 የማይክሮሶፍት የደብዳቤ ማስተላለፊያ ሥርዓት ቀኑን በቁጥር ሲጽፍ ያንኑ ወሰን አልፎ በየአገሩ ኢሜይል ማገዱን ያስታውስ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ደግሞ በኒውዚላንድ የነዳጅ ማደያዎች የካርድ መክፈያ ያቺን ተጨማሪ ቀን አላውቅም ብሎ ቆመ። በእኛ አገር በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ ገመዱ ላይ ወጥተናል፤ የምንወድቅበት ከፍታ አለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ለሰዓታት በደረሰ ግድፈት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በማይገባ መንገድ ወጣ፤ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ያ የቀን ስሕተት አልነበረም። እኛ ግን ያወራነው ስለ ምን ነበር? ገንዘቡን ስላወጡት ተማሪዎች። ሥርዓቱን ማን ፈተሸው፣ ሲሳሳት ማን ያስቆመዋል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

እኔ ጋዜጠኞችን የምጠይቀው ትንቢት አይደለም። የመብራት፣ የውኃ፣ የባንክ፣ የሆስፒታል ኃላፊ ዘንድ ሄደው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁልን። ከመሣሪያዎቻችሁ የትኞቹ ናቸው ከ2030 ጥምቀት የማያልፉት? የእኛን አሥራ ሦስት ወር በአንድ ዓይነት ደንብ የሚመዘግብ ሥርዓት አላችሁ ወይ? ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም፣ ታማሚው፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው በምን ይስተናገዳል? መልሱን በየዓመቱ ያትሙት። አሰልቺ ይሆናል። ይሁን፤ ደቻቱ ዳር የቆመ ግንብም አሰልቺ ነው።

ያን ጊዜ፣ በ2030 የጥምቀት ማለዳ፣ ዕድሜ ሰጥቶኝ ከዚራ ሻይ ቤት ብቀመጥና ምንም ሳይሆን ቢነጋ፣ አጠገቤ ያለው ጎረምሳ «አቦ፣ ውሸት ነበር ማለት ነው!» ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን ያን ጊዜ አልስቅም። ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ ማን ምን እንደሠራ እነግረዋለሁ።