የተራራው መርዶ
በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም የማይገኘውና ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማያልፈው ቀይ ቀበሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ሸለቆ፣ ከውሾች በተጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት ባለቀ ጊዜ፣ መቅሠፍቱ የአራዊት ብቻ አልነበረም፤ ያው ደዌ ከብቱንም እረኛውንም የማይምር፣ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከተገለጠ በኋላም ፈውስ የማይገኝለት ነውና። ስለዚህ በዱር የወደቀውን በድን አይቶ ከማለፍ ይልቅ ፈጥኖ ማስታወቅ፣ ናሙናውን በቤተ ሙከራ መመርመር፣ የመንደሩን ውሾች መከተብ፣ የሰውና የእንስሳት ሐኪሞችም ያዩትን ሳይደባበቁ መመካከራቸው፣ ለአውሬ ከመራራት አልፎ የገዛ ልጆቻችንን ሕይወት መጠበቅ ነው። ሰው በፍጥረታት ላይ የተሾመው ትጉህ ጠባቂ ሊሆን ነውና፣ በተራራው ላይ የተነገረውን መርዶ ወደ ቤታችን ሳይገባ እንስማው።