ወጥመድ ዐይን የለውም

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል ያገራችን ሰው። ንብረቱን መጠበቅ ያልቻለ የሌላው መጫወቻ ይሆናል ለማለት ነው። አባባሉ የተወለደው በገበሬ ደጃፍ ይሁን እንጂ ቁጭቱ ዛሬ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ደጃፍም ይሰማል። በዚያ አገር ዕቃ በስልክና በኮምፒዩተር ይታዘዛል፤ አድራሹ ጥቅሉን ከበሩ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ አላፊ አግዳሚ ሌባ አንሥቶት ይሰወራል። ለልጅ የተገዛ ጫማ፣ ለእናት የታዘዘ መድኃኒት፣ የስንት ሰዓት ድካም ዋጋ እንዲሁ ይቀራል። ፖሊስ ዘንድ ቢኬድም ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚህ ምሬት አንድ ክፉ ምክር ተወልዷል። «ለሌባ መድኃኒቱ ወጥመድ ነው» ይላል። ሲነሣ የሚፈነዳ ካርቶን፣ ምላጭ የተሰካበት ጥቅል፣ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት የበር እጀታ፣ ከመዝጊያ ጀርባ የተጠመደ ጠመንጃ። ይህን የሚያወጋ ሰው እየሳቀ ያወጋል፤ የሚሰማውም አብሮ ይስቃል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሳቅ ለመቃወም የተጻፈ ነው። ሰው የሚያቆስል ወጥመድ ንብረት አይጠብቅም፤ ማን እንደመጣ ሳያይ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ሲሳሳት ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ወጥመዱን ያኖረው ባለቤት ነው።

የሕጉ መሠረተ ሐሳብ ለማንም ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። ባለቤቱ ከበሩ ቆሞ ቢሆን ሊያደርገው የማይፈቀድለትን ነገር ቁስ ተክቶ ሊያደርገው አይችልም። የጫማ ካርቶን ይዞ የሚሮጥን ሰው ከኋላው ተኩሶ መጣል ወንጀል ከሆነ፣ ያንኑ ተኩስ በሽቦና በምንጭር አስሮ መሄድም ወንጀል ነው። ገመዱ እጅን አይተካም፤ እጁን ያረዝመዋል እንጂ።

ይህ ባዶ ፍልስፍና አይደለም፤ ሰው እግሩ የቆሰለበት፣ ሰው መሬቱን ያጣበት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ባልና ሚስት በውርስ ያገኙት፣ ማንም የማይኖርበት አሮጌ የገጠር ቤት ነበራቸው። ለዐሥር ዓመት ያህል ሌቦች እየሰበሩ ሲገቡ ኖሩ። መስኮቱ በሳንቃ ተመታ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ አልበጀም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 ባልየው ከመኝታ ክፍሉ በር ጋር በሽቦ ያያዘውን ጠመንጃ አጠመደ። አፈ ሙዙ መጀመሪያ የተነጣጠረው ሆድ ላይ ነበር፤ ሚስቱ ወደ እግር ዝቅ እንዲል አስደረገች። ጠመንጃው መኖሩን የሚያስጠነቅቅ ምልክት አልነበረም። በሐምሌ አንድ ሰው አሮጌ ጠርሙሶችና የፍራፍሬ ማሰሮዎች ፍለጋ ገብቶ በሩን ሲከፍት ቀኝ እግሩን ቅልጥሙ ላይ ተመታ፤ 40 ቀን ሆስፒታል ተኛ። በስርቆቱ ጥፋተኛነቱን አምኖ 50 ዶላር ተቀጣ። ባለቤቶቹ ግን በፍትሐ ብሔር ተከሰው 20,000 ዶላር የጉዳት ካሳ፣ በዚያ ላይ 10,000 ዶላር የመቀጫ ካሳ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ፍርዱን አጸና። ዕዳውን ለመክፈል ከእርሻ መሬታቸው ሰፊውን ክፍል ሸጡ። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት፤ ለባዶ ማሰሮ ተብሎ መሬት ሄደ።

በካሊፎርኒያ የሆነው ደግሞ ከገንዘብም ያለፈ ነው። ዕቃ ተሰርቆበት የነበረ አንድ ሰው በጋራዡ ውስጥ ሽጉጥ ወደ በሩ አነጣጥሮ አጠመደ። በሩን ለመክፈት የሞከሩት መሣሪያ ያልያዙ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ 16፣ ሌላው 15 ዓመቱ ነበር። ትልቁ ፊቱን ተመታ። የጋራዡ ባለቤት በወንጀል ተከሶ ተፈረደበት፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1974 ፍርዱን አጸናው። ፍርድ ቤቱ ካሳሰበው ነገር አንዱ ይህ ነበር፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ሕፃኑን፣ እሳት አጥፊውንና ለሥራው የመጣውን ፖሊስ ከሌባው ለይቶ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉ ቀድሞ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1828 የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። አበባ የተሰረቀበት አንድ ሰው በታጠረ የአትክልት ቦታው ውስጥ ጠመንጃ አጠመደ፤ ሌባው እንዳይሸሽ ብሎም ማስጠንቀቂያ ሳያኖር ቀረ። በቀን ብርሃን አጥሩን ዘሎ የገባው ግን ሌባ አልነበረም፤ ከጎረቤት ያመለጠች ሴት ጣዎስ ለመመለስ የገባ ወጣት ነበር። ጉልበቱን ተመታ። ዳኞቹ ካሳ እንዲከፈለው ፈረዱ። ፓርላማው ደግሞ ቀደም ብሎ በ1827 እንዲህ ያሉ ጥምድ ጠመንጃዎችን በሕግ ከልክሎ፣ በሌሊት መኖሪያ ቤትን ለመጠበቅ ብቻ ልዩ ሁኔታ ትቶ ነበር። በናይሮቢና በካምፓላ የምትኖሩ አንባቢያን ይህን ታሪክ የባዕድ ተረት አድርጋችሁ አትለፉት፤ ኬንያም ሆነች ኡጋንዳ የእንግሊዝን ኮመን ሎው የወረሱ አገሮች ናቸው።

«ቴክሳስስ?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ የዚያች ግዛት ሕግ ንብረት ለመጠበቅ ኃይል መጠቀምን በመፍቀድ ረገድ ከብዙዎቹ ይለያል፤ በሌሊት የሚፈጸም ስርቆትን ለማስቆም በተወሰነ ሁኔታ ገዳይ ኃይል እንኳ ይፈቅዳል። ነገር ግን ያው የወንጀል ሕግ ስለ ወጥመድ ሲናገር ቃሉን ይለውጣል። ንብረት የሚጠብቅ መሣሪያ ለመግደል ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለማድረስ ያልተሠራ፣ ይህንንም አደጋ እንደሚያስከትል ባለቤቱ የማያውቀው መሆን አለበት ይላል። ለቆመ ሰው ብዙ የፈቀደች ግዛት ለቆመ ጠመንጃ ነፈገች። ለምን? ሰው ያያል፤ ወጥመድ አያይም።

የወጥመድ ጠበቆች ሦስት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው «ማን ና አለው?» የሚለው ነው። ያልተጠራ ሰው መግባቱ ጥፋት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ጥፋቱን ሕግ ይቅጣው። ነገር ግን ከደጃፍ የሚቆመው ሁሉ ያልተጠራ ነውን? ፖስተኛው፣ ቤት ተሳስቶት ያንኳኳው አድራሽ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ዝናብ እንዳይመታብሽ ብላ ጥቅልሽን ልታነሣልሽ የመጣች ጎረቤት፣ ኳሱ የገባበት ልጅ ሁሉም ከዚያው በር ላይ እጃቸውን ያኖራሉ። ሌባው ቢሆንስ? የጫማ ስርቆት የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው በጣት መቆረጥ የሚቀጣው?

ሁለተኛው «ፖሊስ አይመጣም» የሚለው ነው። ይህ እውነት ያለበት ቅሬታ ነው፤ አቃለን አናልፈውም። ይሁንና የፖሊስ መዘግየት የዳኝነት ሥልጣን ለባለቤቱ አያስተላልፍም። ፖሊስ ባልመጣበት አገር ወጥመድ ያኖረ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ሰው በደጃፉ ወድቆ ሲገኝ ፖሊሱ ያን ቀን ይመጣል። የሚመጣውም ለእርሱ ነው። የአሜሪካ የቤት መድን ውሎችም ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት በአብዛኛው ስለማይከፍሉ ካሳው የሚወጣው ከራሱ ኪስ ነው።

ሦስተኛው «ምልክት ለጥፌያለሁ» የሚለው ነው። ማስጠንቀቂያ መልካም ነገር ነው፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ወይም በኬንያ አጥሮች ላይ እንደምናየው «ምብዋ ካሊ» የሚለው ጽሑፍ ስንቱን አድኗል። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ምልክት አያነብም፤ በጨለማ የመጣ እሳት አጥፊም አያነብም። ከሁሉም በላይ ግን ማስጠንቀቂያ የተከለከለን ነገር የተፈቀደ አያደርገውም። «እገድልሃለሁ» ብሎ መጻፍ ለመግደል ፈቃድ አይሆንም።

ወጥመድ ሁሉ አንድ ነው አንልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቀድሞ በናሳ መሐንዲስ የነበረው ማርክ ሮበር፣ ሲከፈት የሚያብረቀርቅ ብናኝ የሚረጭና መጥፎ ሽታ የሚለቅ ጥቅል ሠርቶ በቪዲዮ አሳይቶ ነበር፤ ዓለም ሳቀ። ከታዩት ሌቦች አንዳንዶቹ እውነተኛ እንዳልነበሩ በኋላ ሲታወቅ ራሱ ያንን ክፍል አነሣው። ማሳፈርና ማቁሰል የተለያዩ መሆናቸው እሙን ነው። ነገር ግን የሮበርን ዕውቀት ያልያዘ አስመሳይ በብናኙ ፈንታ በርበሬ ወይም ባሩድ ሲጨምር ቀልዱ ዐይን ያጠፋል፤ ያን ጊዜ «ለቀልድ ነበር» የሚለው ቃል ችሎት ፊት ብዙ አያራምድም።

እስከ አሁን ያወራነው ስለ ሩቅ አገር ደጃፍ ይመስላል። እኛ ደብዳቤና ጥቅል በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስንቀበል የኖርን ስለሆንን የካርቶን ሌባ እምብዛም አያስጨንቀን ይሆናል። ነገር ግን ቀና ብለን አጥራችንን እንይ። በአዲስ አበባም በናይሮቢም የግንቡ አናት በጠርሙስ ስባሪና በእሾሃማ ሽቦ ተሸልሟል። የጠርሙሱ ስባሪ ቢያንስ በቀን ይታያል፤ የሚወጣውንም አስቀድሞ ይመልሳል። የከፋው የማይታየው ነው። በደንቡ የተሠራ የኤሌክትሪክ አጥር በልዩ መሣሪያ አማካይነት እጅግ አጭር የሆነ ምት በየሰከንዱ ገደማ እየላከ ያስደነግጣል፤ በምቱ መካከል የነካው ሰው እጁን ለማላቀቅ ፋታ ያገኛል። ከቤት ሶኬት በቀጥታ ተስቦ በአጥር ላይ የተዘረጋ ባለ 220 ቮልት ሽቦ ግን ፋታ አይሰጥም፤ የነካውን እጅ ጡንቻ ጨብጦ ያስቀረዋል። በክረምት ግንቡ ሲርስ፣ ቆርቆሮው ሲነካካ፣ ሽቦው የባለቤቱን የራሱን ልጅ አይለይም።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ባለይዞታው የሚነካበትን ሰው በኃይል እንዲከላከል፣ በስውር ወይም በጉልበት የተወሰደበትንም ወዲያውኑ እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የኃይል ድርጊት እንዳይፈጽም በዚያው አንቀጽ ያስጠነቅቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ደግሞ ለሕጋዊ መከላከል ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበና በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ይሁን፤ መከላከያውም ከአደጋውና ከሚጠበቀው መብት ጋር የተመጣጠነ ይሁን። ወጥመድ ሲጠመድ ጥቃት የለም፤ ወጥመድ ሲፈነዳ ተከላካይ የለም። ታዲያ ማን ነው መመጣጠኑን የመዘነው? አንቀጽ 79 በድንጋጤና በፍርሃት ልኩን ላለፈ ሰው ይራራል። ከሳምንት በፊት ሽቦውን ረጋ ብሎ የለካ ሰው ግን የቱን ድንጋጤ ሊጠቅስ ነው? ሰው ሊሞት እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ያደረገ እንደሆነም አንቀጽ 58 ይህን አሳብ ብሎ ይጠራዋል እንጂ ቸልተኝነት አይለውም።

ከዘመናዊው ሕግ በፊትም ቢሆን አባቶቻችን የሚያውቁት ኦሪት ይህን ለይቷል። በዘጸአት ምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰረስር የተመታ ሌባ ደሙ አይጠየቅም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ይጠየቃል። ወጥመድ ፀሐይ መውጣቷን ያውቃልን? ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ያልከደነ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት እንዲከፍል ታዟል። ለአህያ የተደረገውን ጥንቃቄ ለሰው ልጅ ልንነፍገው ነው?

በሀገራችን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር ወስዶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ያን ልማድ ዛሬ ስናነሣው እናፍርበታለን፤ ያላየ ልጅ በሰው ላይ ፈራጅ ሆኖ ነበርና። ሽቦና ባሩድ ፈራጅ ሲሆኑ ግን «ሥልጣኔ» እንለዋለን። ገበሬው ከዚህ ይሻል ነበር። ለጃርትና ለከርከሮ ወጥመድ ቢያኖርም ማሳውን ከሰው የሚጠብቀው ማማ ላይ ልጅ አስቀምጦ ነው። ልጁ ያያል፤ ይጮኻል፤ የመጣውን ለይቶ ያውቃል።

የሚያስፈልገን ማማ ነው። በአሜሪካ ያላችሁ ጥቅላችሁን በመሥሪያ ቤት ወይም በተቆለፈ ሣጥን ተቀበሉ፤ ሲደርስ በፊርማ እንዲሰጥ እዘዙ፤ ካሜራ ስቀሉ፤ ቀን ቤት የምትውል ጎረቤት ካለች አደራ በሉ። እዚህ ያለን ደግሞ መብራት እናብራ፣ ዘበኛችንን በወጉ እንክፈል፣ ሽቦ መዘርጋት ግድ ከሆነም ባለሙያ በደንቡ ይሥራው እንጂ ከሶኬት አይሳብ። ይህ ሁሉ ሌባን ፈጽሞ አያጠፋም። የጠፋ ጫማ ግን በሌላ ጫማ ይተካል።

«ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» የሚለውም የዚያው ያገራችን ሰው ቃል ነው። ሞፈሩ የተቆረጠበት ሰው ሌላ ሞፈር ይቆርጣል፤ ጉድጓዱን አርቆ የቆፈረ ግን የገባበትን ሰው መልሶ ማውጣት አይችልም።