ዱቄቱ ይሁን፤ ጨውና አመዱ ግን ይቅር

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ቅየሳ ነጥቦች ፎቶግራፍ አነሳስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሰው እግሩ ሥር ያለችውን፣ የቅየሳ ነጥብ የሚታወቅባትን የነሐስ ሰሌዳ ጎንበስ ብሎ እንዲያይ የሚገፋፋ ጽሑፍ በመውጣቱ ደስ ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። ጸሐፊው የሰሌዳው ፊደል አልታይ ካለ ማድ ቤት ካለው ነጭ ነገር የተገኘውን፣ ጨውም ይሁን አመድ፣ ነስንሱበት ይላሉ። መነስነሱን እኔም እደግፋለሁ። «የተገኘውን» የሚለውን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

ዕድሜዬን በቅየሳ ነው የጨረስሁት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ውስጥ ለአንድ የመንገድ ሥራ ነጥብ ፍለጋ ወጣን። በዓባይ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የአሜሪካ ቀያሾች ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው የዘረጉት የነጥብ መረብ አለ። ከአፋችን የማይጠፋው «አዲንዳን» የሚባለው ዳተም፣ ማለትም የልኬት መነሻ፣ ወደ እኛ የዘለቀው በዚያ ሥራ ነው፤ ስሙም በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የሚገኝ ቦታ ስም ነው። በእነዚያ ቀያሾች ልማድ ዋናው ነጥብ ብቻውን አይተከልም። መሐሉ ላይ ሦስት ማዕዘን ያለበት ሰሌዳ ዋናው ነው። ዙሪያውን ደግሞ ቀስት ያለባቸው ምስክር ሰሌዳዎች ይተከላሉ፤ ቀስታቸው ወደ ዋናው ያመለክታል። በምስክሩ ላይ የሚመታው ስም የዋናው ስም ራሱ ነው። የሚለየው ከስሙ ቀጥላ የምትመታዋ ቁጥር 1 ወይም ቁጥር 2 ናት።

ሰሌዳውን ያገኘነው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሣሩን ነቅዬ በጣቴ ዳሰስሁት። ስሙ ልክ፣ ዓመቱ ልክ። ከጎኑ አፈርና የድንጋይ ሻጋታ የሸፈነው ቦታ ነበር፤ አልጠረግሁትም። ፎቶ አነሣሁና መሣሪያዬን ተከልሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የሚታየው ቡናማ ክብ ነገር ብቻ ሆነ፤ የድስት ክዳን ነው ቢባል የሚከራከር የለም። ከፎቶው አንድም ፊደል ስለማይነበብ ስሕተቴን ሊያየው የሚችል ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ከሠራን በኋላ ከሌላ አቅጣጫ ከመጣ ቡድን ጋር ስንገናኝ፣ ሥራችን በሙሉ ሃያ ምናምን ሜትር ወደ ጎን ተንሸራትቶ ተገኘ። የተከልሁት ምስክሩ ላይ ኖሯል። ተመልሼ ወጥቼ ሻጋታውን በጥርስ ብሩሽ ስጠርገው ቁጥር 1 እና የቀስቱ ጫፍ ብቅ አሉ። ያን ቀን ገጹን ጠርጌ አንድ ቁንጥር ዱቄት ነስንሼበት ቢሆን ኖሮ የሃያ ሦስት ሰው ላብ ከንቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የሰሌዳ ፊደል ማስነበብ ለእኔ የፎቶ ማሳመሪያ ጉዳይ አይደለም።

ዱቄት ለምን እንደሚያስነብብ ልንገራችሁ። ስሙና ዓመቱ በብረት ማኅተምና በመዶሻ አንድ በአንድ ስለሚመቱ ፊደሎቹ ጎድጓዳ ናቸው። ነሐሱ ሲያረጅ ገጹም ጉድጓዱም አንድ ዓይነት ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ፊደሉን የሚለየው ጥላ ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ጊዜ ቢሆን እኩለ ቀን ላይ የምትሰጠው ጥላ ትንሽ ነው። ዱቄቱ ጉድጓዱን ሲሞላና ገጹ ሲጠረግ ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ይወጣል። አጠራረጉ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። በጨርቅ ከጠረጋችሁት ጨርቁ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ዱቄቱን ይዞት ይወጣል። እኔ የማደርገው የመታወቂያ ካርድ ጠርዝ አጋድሜ አንድ ጊዜ ብቻ መሳብ ነው፤ ከዚያ ደረቅ መዳፌን አሳርፍበታለሁ። ዱቄቱ ከበዛ ስልኩ በነጩ ተታሎ ሌላውን ሁሉ ያጨልመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። ጨው ፈጽሞ አይነካም። እርጥበት ያገኘ ጨው ነሐስን ከውስጥ ይበላል፤ በጥንታዊ ነሐስ ላይ የሚታየው ፍርክስክስ የሚል አረንጓዴ ሕመም ዋና መነሻው ይኸው ነው። አመድም እንዲሁ። እናቶቻችን ዕቃና ልብስ በአመድ ያጥቡ የነበረው እኮ ውኃ ሲነካው ኃይለኛ ስለሚሆን ነው፤ ሰሌዳው ላይ ጤዛ ባረፈበት ሌሊት ምን ሲሠራ እንደሚያድር አስቡት። ኖራና የልብስ ሳሙና ዱቄትም ከዚሁ ወገን ናቸው። የስንዴ ዱቄት ነሐሱን አይጎዳም፤ ግን ካፊያ ካገኘው ሊጥ ሆኖ ፊደሉ ውስጥ ይደርቅና ለሚቀጥለው ሰው መከራ ይሆናል። የጤፍ ዱቄት ማኛ እንኳ ቢሆን እንደ ስንዴው አይነጣም። ጠመኔ በደንብ ከደቀቀ ደግ ነው፤ እንጨቱን እንዳለ ካሻችሁት ግን የሚነጣው ገጹ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ከሁሉ የምመርጠው የሕፃናት ፓውደር ነው። የላመ ነው፣ ከውኃ ጋር አይቦካም፣ በብሩሽ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። ነፋስ ባለበት ፊታችሁን አዙሩ እንጂ አትማጉት።

ፓውደሩን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ኮረብታ ላይ ዱቄት ስበትን ከታች ከማሳቸው ሲያዩን የነበሩ አንድ አዛውንት እየሮጡ መጡ። «ልጄ፣ እህል መሬት ላይ ይደፋል?» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ለማን ነው የምትገብሩት?» ብለው ጠየቁኝ። አፈርሁ። እህል መድፋት በአገራችን ነውር ነው፤ ክብ ነገር ላይ ዱቄት መነስነስ ደግሞ የጠንቋይ ሥራ ይመስላል። የተጠረጠረ ሰሌዳ ዕድሜ የለውም፤ ከሥሩ ወርቅ አለ ተብሎ የተነቀለ ነጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። አዛውንቱን አስቀምጬ ስሙን አነበብሁላቸው፤ የገዛ ኮረብታቸው ስም ነበር። ከዚያ በኋላ አካባቢውን ከከብት እግር የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ።

ሌላው የሚያስፈራኝ፣ ጽሑፋችሁን ያነበበ ወጣት ይህን ዘዴ ወደ ድንጋይ ጽሕፈት እንዳይወስደው ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ የዋሽንግተን ዲሲን ወሰን ለማመልከት እ.ኤ.አ. በ1791 እና በ1792 የተተከሉትን ድንጋዮች ፎቶ ትልክልኛለች። አርባ ነበሩ። ቅየሳው ሲጀመር ጥቁሩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቤንጃሚን ባኔከር ኮከብ እየለካ አግዞበታል። ድንጋዩ አሸዋማና ለስላሳ በመሆኑ ጽሕፈቱ በአብዛኛው ተበልቷል። «ጋሼ፣ ፓውደር ላድርግበት?» ብላ ስትጠይቀኝ በፍጹም አልኋት። ድንጋይ ቀዳዳ አለው፤ የገባበት አይወጣም፤ ሲጠረግም አብሮት አሸዋው ይረግፋል። አክሱም ላለው በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ለተጻፈው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይም መልሴ ያው ነው። ለድንጋይ መድኃኒቱ ብርሃን ነው። ማልዶ ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሄድ፤ ያ ካልተቻለ በጃንጥላ አጥልቶ የእጅ ባትሪን ከጎን አጋድሞ ማብራት። የወንድሜ ልጅ በስልክ መብራቷ ብቻ አንድ ሙሉ መስመር አስነብባኛለች። ነሐሱንም ቢሆን መጀመሪያ በብርሃን ሞክሩት፤ ዱቄቱ እምቢ ሲል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዕትማችሁ ጨውና አመድ የሚለው እንዲታረምልኝ እለምናለሁ። ከተቻለም አያይዤ የላክኋቸውን ሁለት ፎቶዎቼን አትሙልኝ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ በአንድ ስልክ የተነሡ ናቸው። በመጀመሪያው የሚታየው ቡናማ ክብ ነው። በሁለተኛው፣ ፓውደር ከተነሰነሰበት በኋላ፣ ስሙም፣ ዓመቱም፣ ከስሙ ቀጥላ ያለችው ቁጥር 1ም ይነበባሉ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣ ከባሕር ዳር